ካዛንቺስ ላይ የተዘረጋው ያልተሳበ ክር

ለክቡር አቶ ገብረክርስቶስ
የግንባታ ዕቃዎች ጥራት ፍተሻ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እንደማስብ ይወቁልኝ። ሜክሲኮ በሚገኘው ቢሮዎ ከራስዎ በላይ ያለው ጣሪያ እንጂ መረብ ስላልሆነ ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ ሲወጡ ግን በካዛንቺስ በኩል እንዳያልፉ በትሕትና እመክራለሁ።

ሰገን ተስፋለም እባላለሁ። በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተመርቄ፣ ቄራ ጀርባ ባለ አነስተኛ የናይለን ክር ማምረቻ ሁለት ዓመት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩት ባለፈው ወር አልፈርምም ባልኩበት ቀን ስለተሰናበትኩ ነው። ስለ ድርጅቱ ክር ላቀረብኩት አቤቱታ የአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ «ክሩ በመስፈርቱ ከተቀመጠው በላይ ወፍራም በመሆኑ ሥጋት የለውም» ይላል። ይህን ያህል አሳጥሮ መጻፍ ነገሩ ጠልቆ የገባው ሰው ችሎታ ስለሆነ፣ እኔ ረዘም ባደርገው ይቅርታዎ አይለየኝ።

አንደኛ፤ ይህ ክር እንደ ጥጥ ከብዙ ጭረት የተገመደ ሳይሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው። ሩዝ የሚያካክሉ የፕላስቲክ ፍሬዎች ይቀልጣሉ፤ ቅልጡ በብረት ቀዳዳ ተገፍቶ እንደ ፓስታ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይረጋል። እዚህ ላይ ክር ይመስላል እንጂ ገና ክር አልሆነም። ክር የሚሆነው እንደገና ሞቆ፣ ቀስ ብሎ በሚዞር ሮለርና አራት እጥፍ በሚፈጥን ሮለር መካከል ሲሳብ ነው። ያን ጊዜ ይቀጥናል፤ ሲቀጥንም ይጠነክራል። እንዲህ የተሳበ ክር ዓሣ ከሐይቅ ያወጣል፣ ቁስል ይሰፋል፣ ከፎቅ የወደቀ ሰው የሚቀበል መረብ ይሆናል። ያልተሳበው ወፍራምና ደካማ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ውፍረቱን ሲጠቅሱልኝ የእኔን ክስ በማኅተምዎ አረጋግጠውልኛልና ውለታዎ አለብኝ።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ክረምት ድርጅቱ ከአዲሱ ፍሬ ጋር የተፈጨ አሮጌ ፕላስቲክ መቀላቀል ጀመረ። ቅልቅሉ በተሳበ ቁጥር እየተበጠሰ በአንድ ፈረቃ ሃያ ጊዜ ማሽን እናቆም ነበር። የምርት ኃላፊያችን አቶ አሉላ ማሞቂያውን አጥፍተው ሁለቱን ሮለሮች በእኩል ፍጥነት አስዞሯቸው። ስቃወም ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስተላልፍልዎ፦ «ሰጊዬ፣ ስንስበው አይደል እንዴ የሚበጠሰው? በቃ፣ አንስበውማ።» ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ማሞቂያው ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልበራም።

ሦስተኛው መሥሪያ ቤትዎን ስለሚመለከት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማቀርበው። በየቤታችን ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ እንዳለ ሁሉ፣ ማምረቻው ውስጥም «የእንግዳ ጥቅል» የሚባል ክር አለ። ማሞቂያው ይሠራ በነበረ ጊዜ የተመረተ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ በአቶ አሉላ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ነው። ባለሙያዎችዎ ሲመጡ ከእሱ ተቆርጦ ይሰጣቸዋል። አራት ጊዜ መጥተው አራቱንም ጊዜ ያንኑ ጥቅል ፈትሸው አሳልፈዋል፤ ከማሽኑ ላይ ከሚወርደው ልቁረጥ ብሎ መቀስ የጠየቀ አንድም የለም። እንግዳ የቀረበለትን ይቀበላል እንጂ ብርጭቆ አያማርጥምና በጨዋነታቸው ኮርቻለሁ። እስከ አራተኛው አቶ አሉላ የፈረሙትን ማረጋገጫ፣ አምስተኛውን እኔ እንድፈርም ስታዘዝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጨዋነት እንደሚጎድለኝም በስንብት ደብዳቤዬ ላይ ተጽፏል።

አራተኛውን ለማየት ካዛንቺስ መሄድ ያስፈልጋል። በግንባታ ላይ ካለ አንድ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ፣ በአንደኛ ፎቅ ከፍታ፣ ከእግረኛ መንገዱ በላይ ከዚያ ክር የተሠራ አረንጓዴ መረብ ተዘርግቷል። ሥሩ ሰዎች ታክሲ ይጠብቃሉ። ከላይ ተካ የሚባል ጎልማሳ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ግድግዳ ይለስናል። የእርስዎ ማረጋገጫ ያለው መረብ ስላለ የወገብ ቀበቶ አያስፈልጋችሁም ተብለዋል። መረቡ በመስከረም አጠገቡ ካለው ፋርማሲ ማስታወቂያ በላይ ነበር፤ አሁን ማስታወቂያውን ጋርዶታል። ማንም አልነካውም፤ በራሱ ክብደት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ይህን ለተካ ስነግረው «እህቴ፣ እኔ እኮ እጄ የማይንቀጠቀጠው እሱን እያየሁ ነው» አለኝ።

በመጪው ሐሙስ ልስኑ አሥረኛው ፎቅ ይደርሳል። ከዚያ በፊት መረቡ እንዲነሳ፣ ለሠራተኞቹም ቀበቶ እንዲሰጣቸው እንዲያዝዙ እጠይቃለሁ። ጊዜ ካጡ ግን ሐሙስ ጠዋት ወንበር አስይዘው ከመረቡ ሥር ይቀመጡ፤ ፊርማዎን ከዚያ በተሻለ የሚያዩበት ቦታ የለም።

በፊርማዎ ፍጥነት የምደነቅ፣ የራሴን ግን ያልሰጠሁና የማልሰጥ፣
ሰገን ተስፋለም
ከቂርቆስ

ግልባጭ፦ ከመረቡ ሥር ታክሲ ለሚጠብቁ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት እሑድ፣ ሥራ በሌለበት፣ ተካና ጓደኞቹ መንገዱን በገመድ አጥረው ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ጆንያ አሸዋ መረቡ ላይ ለቀቁ። ደስ ይበልዎ፣ አንድም ክር አልተበጠሰም። መረቡ ጆንያውን ተቀብሎ ረዘመ፣ አሁንም ረዘመ፣ ድምፅ ሳያሰማም እስከ አስፋልቱ አደረሰው። አሸዋውን ስንሞላ ተካን ሚዛን ላይ አቁመን በእሱ ልክ ነበር የመዘንነው።