የተውኩት ሳል

ለውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ላይ አሁንም ያስቸግርሻል? የባልሽ ዓይን ተሻለው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛም ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ግን ሐሰት መጻፍ አልችልበትም። በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን ጠባብ ስለሆነና ልጄ ሁሉን ስለምትሰማ ነው። አሁን ለመንገድ የሚሆናትን ልትገዛ ስለወጣች ፋታ አገኘሁ። ባለፈው ነካ ባደርግልሽ "አንተ ልጅ፣ እንቅልፍ ነው ያጣኸው" ብለሽ ስቀሽብኛል። እባክሽ ይህን ሳትስቂ አንብቢው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ጎረቤቱ ሁሉ "ጤና ጥበቃ" ይላታል። ጨዉን በማንኪያ ጫፍ ትሰፍርልኛለች፤ የታሸገ ነገር ስገዛ ጀርባውን አንብባ "መልስ" ትለኛለች፤ ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠምጥማ "አባባ፣ አታውራ፤ ስታወራ ይጨምራል" ትላለች። የሚያናድደኝ ትክክል መሆኗ ነው። ሕንፃ መርምሮ "ይፍረስ" የሚል መሐንዲስ በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሲገሠጽ አስቢው! ሐኪሙ የሳንባዬን ፎቶ አይቶ ፊቱን ካጠቆረ በኋላ ግን እጄን ሰጠሁ።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። እሷ ሲጋራውንም፣ መጠጡንም፣ ሳጨስ የምቀመጥበትን ወንበርም እንጣል አለች። እኔን ታውቂኛለሽ፤ የገዛሁትን ዕቃ መጣል ሞቴ ነው። ስለዚህ ሁሉንም የጥናት ክፍሌ ውስጥ ከተን በሩን ዘጋን። ብዙም ሳይቆይ ሳሌ ለቀቀኝ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ እየበላን ከተዘጋው ክፍል ሳል ሰማን። የኔው ሳል ነው፤ መጀመሪያ ደረቁ፣ ቀጥሎ ረጅሙ፣ መጨረሻ ላይ ያ አንቺ የምትጠዪው የጉሮሮ መጥረግ። የኔ አፍ ምግብ ይዟል። ልጄ ማንኪያዋን አስቀምጣ ደረቴን አየች እንጂ በሩን አላየችም።

ሙያዬ ነውና መረመርኩ። ቧንቧውን ዘጋሁ፣ ግድግዳውን አንኳኳሁ፣ መስኮቱን ፈተሽኩ። ከቤታችን ሥር ያለውን ልብስ ሰፊ ብጠይቀው "ጋሼ፣ የእርስዎ ሳል እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ ሲስሉ እየዋሉ ምነው ዝም አሉ? ኧረ ይታከሙ!" አለኝ። ቀን ቀን እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ልጄም ትምህርት ቤት።

ከሳሉ ይልቅ ያስፈራኝ የእሷ መልመድ ነው። ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ ትወስድለት ጀመር። "ያኛው አባባ" ትለዋለች። ስቆጣ "እሱ እንዳንተ አይጮህም፤ የሰጠሁትን ይጠጣል" አለችኝ። ራሷ ትደፋዋለች ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ሙሉውን ብርጭቆ ወንበሩ አጠገብ አስቀምጣ ወጣች፤ ወዲያው ገብቼ ሳነሳው ባዶ ነው። ወንበሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ ሰው እንደተነሳበት ሞቅ ብሏል።

በዚህ መሐል እናንተ ከተማ ያለው የጤና ኮሌጅ ተቀበላት። ከልጅነቷ የተመኘችው ነው፤ ግን አልሄድም አለች። ለኔ ብላ መስሎኝ ሆዴ ባባ፤ "እኔ እኮ ደህና ነኝ" አልኳት። "አንተማ ድነሃል አባባ። እሱን ለማን ልተወው?" አለችኝ።

በእልህ ወንበሩንም፣ ጠርሙሱንም፣ ሲጋራውንም አውጥቼ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መኪና ላይ ጫንኩ። ልጄ ሰው እንደሞተባት ጥግ ይዛ አለቀሰች። ቤቱ ጸጥ አለ። በማግስቱ ዓይኗ ደርቆ "እሺ፣ እሄዳለሁ" አለችኝ። ለአንድ ማንኪያ ስኳር ግማሽ ቀን የምትከራከር ልጅ አንድ ቃል ሳትጨምር ሻንጣዋን አዘጋጀች። ዛሬ ያን ሻንጣ ከመተላለፊያው ላነሳ ጎንበስ ስል የሲጋራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አልከፈትኩትም። ከፍቼው ከልብስ በቀር ምንም ባላገኝስ?

ነገ ትነሳለች፤ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ማታ በሚነሳ ሰው እጅ ስለምልከው ይቀድማታል። ተቀበያት፤ እዚህ ከቀረች ዕድሜዋን በዚያ በር ላይ ትጨርሳለች። ከክፍሏ የወንድ ሳል ከሰማሽ እንዳትጮሂባት፤ ጩኸት እንደማይሠራ እኔ አይቻለሁ። ከትምህርቷ እንዳትቀር ብቻ ተቆጣጠሪልኝ፤ ውሃ ይዛ ወደ ክፍሏ ስትገባ ካየሽም አብረሻት ግቢ።

ለባልሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ትልቁን ልጅሽን በውጤቱ ኮርቻለሁ በይው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ከልጄ ጋር ግን አንድ ክፍል አታስተኚያት።

ወንድምሽ
ከቤቴ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን