እትዬ ዘርፉ ያለ እማዬ ተሞሸሩ

ይትባረክ ልጄ፣ የሰው አገር ሰው ይውደድህ፤ የምትጎርሰው ሁሉ ይስማማህ። እኛ ደህና ነን፤ የአዳማ ሙቀትም እንደ ወትሮው ነው። የዘርፉ ሰርግ ጥሩ ነበር፣ ወጡ ብቻ ጨው በዝቶበታል።

እማዬ ያስጻፈችኝ እዚህ ድረስ ነው። እኔ ታናሽ እህትህ ሶሲ፣ የቀረውን ያለ ፈቃዷ መጨመሬን በታላቅ ጸጸት እናዘዛለሁ።

ወንድሜ፣ ጨው የበዛበትን ወጥ ሁለቴ አስጨምራለች! ነገሩ ሌላ ነው። እማዬ ስታገባ ሚዜዋ እትዬ ዘርፉ ነበሩ። እሳቸው በሃምሳ ዓመታቸው ሲያገቡ ግን ከሻሸመኔ የመጡትን እትዬ ቢሊሴን ሚዜ አደረጉ። እማዬ እንደ ማንም እንግዳ ድንኳን ጥግ ተቀምጣ፣ ቢሊሴ የሙሽራዋን ቬሎ ባነሱ ቁጥር "አያያዟን እዪልኝ፣ መጋረጃ የምታወርድ እኮ ነው የምትመስለው!" ትለኝ ነበር።

ዛሬ መልሱ ነው። እትዬ ዘርፉ ከጠዋት ጀምሮ አራቴ ደወሉ፤ እማዬ "ቢሊሴ አለችላት አይደል!" ብላ አላነሳችም። የሠላሳ ዓመት ጓደኝነታቸው በአንድ ቬሎ ሊበላሽ ነው። አምላክ አንደበትህን ያጣፍጠውና፣ እባክህ ይህ መልእክት ስልክህ ላይ እንደገባ ደውለህ እንድትሄድ ለምናት።

ኧረ መጣች!

"ሶሲ! ሦስት መስመር ነግሬሽ ገጹን ምን ሞላው? ተነሺ፣ የቀሚሴን ዚፕ ዝጊልኝ፤ መልሱ ሊያልፈኝ ነው!"