የጣሊያኑን ኮሜዲ ስላዘመኑልን እናመሰግናለን

ለተከበሩ አቶ ኡመይር፣
የ«ቆላው ብርሃን» ትያትር ቡድን ኃላፊና አዘጋጅ፣
ገንዳ ውሃ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ በዚህ የቆላ ሙቀት ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሌላ ትያትር እስኪያዘጋጁም ድረስ ረጅም ዕረፍት ይስጥዎ።

እኔ ሳጂድ የምባል የአማርኛ መምህር ነኝ። ባለፈው እሁድ ከቀትር በኋላ ያሳዩንን የቆየ የጣሊያን ኮሜዲ ከፊተኛው ረድፍ ተመልክቻለሁ። የሰሊጥ ነጋዴውን የሐጂ አብዱልሀኪምን ልጅ ሩፊዳን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሦስት ጊዜ ተመልሰውብኛል። ድርሰቱን አስቀድሜ አንብቤው ነበርና፣ ልጄን አልድርም ብሎ ድርቅ የሚለው አባት ሲሳቅበት ቆይቶ በመጨረሻ እሺ እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ በአራተኛው ጊዜ ሽማግሌዎቼ ሐጂን መሃላቸው አስቀምጠው ይህንኑ ትያትር እንዲያሳዩልኝ ለመንኳቸው። ምክር ያልመለሰውን ሰው ሳቅ ይመልሰው ይሆናል ብዬ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. በድርሰቱ አሽከሩ ሆዳም፣ ወሬኛና ባለጭንብል ነው። አሽከሩን የተጫወተው የከተማችን ልጅ፣ ቢሆነኝ የሚባለው፣ ትራክተር ሲነዳ እንኳ ሰው የሚያስቅ ነው። እርስዎ ግን ጭንብሉን አስወልቀው፣ ጥቁር ቲሸርት አልብሰው፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ስልኩን እንዲያይ አደረጉት። ጀርባውን በሚገባ ስላስተዋወቁን እናመሰግናለን፤ ከእንግዲህ ገበያ መሃል ከኋላው ብናየው አንስተውም።

፪ኛ. «የጊዜን መፍሰስ» ለማሳየት ሁለት ኩንታል ሰሊጥ መድረኩ ላይ አፈሰሱ። በሌላ አገር ይጨበጨብልዎ ይሆናል። እዚህ ግን ሰሊጥ ሲፈስ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አልተወለደም። ለእርሻ ሥራ የመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቻችን፣ «ኧረ አትርገጡት!» እያሉ ተነሡ፤ እናቶች ነጠላቸውን ዘረጉ፤ ሐጂም በክብር መድረኩ ላይ ወጥተው አንድ ጭብጥ አነሡና አኝከው፣ «ደኅና ነው፣ ትንሽ እርጥበት አለው» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ሕዝቡ በአንድ ልብ የተሳተፈበት ክፍል ይህ ብቻ በመሆኑ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫ኛ. ይህችኛዋ የኔው ናት። መጨረሻው ያረጀ ነው ብለው ቀየሩት። አባትየው እሺ አላለም፤ በሩን በወጣቱ ፊት ዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ አለቀ። ሐጂ ብቻቸውን ቆመው አጨበጨቡ። ወደ ሽማግሌዎቼም ዞረው፣ «አያችሁ? ጣልያንም እንዲህ ነው የሚያደርግ! ወላሂ፣ ይህን ያዘጋጀው ሰው ልጅ ያሳደገ ነው» አሉ።

አቶ ኡመይር፣ ያ መጨረሻ ለእርስዎ ቢያረጅም ለእኔ ገና አልደረሰም ነበር። ውኃ እንኳ ሰውን የሚወስደው እያሳሳቀ ነው፤ እርስዎ ግን ሳያስቁ ወሰዱኝ። አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም። ሩፊዳ ከሴቶቹ ረድፍ ተነሥታ ስትወጣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ጥበበኛ እጅዎ በሌሎች ሰዎች ትዳር ላይ እንዳያርፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

ያልተዳረው አድናቂዎ፣
መምህር ሳጂድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ አባትነት ይህን ያህል የሚያውቅ ወጣት ያለ ሚስት መቀመጡ ሐጂን እንዳስቆጫቸው፣ ሩፊዳንም ለእርስዎ ቢድሩ ደስ እንደሚላቸው ለሽማግሌዎቼ ነግረዋቸዋል። ለአገሩ እንግዳ ስለሆኑና በቅርብ ዘመድ ስለሌለዎት፣ በእርስዎ ስም ሽማግሌ ሆኜ እንድቀርብ ሐጂ ያዘዙት እኔን ነው። ሐሙስ ይመችዎታል?