ዲስክ ላይ ያልሰፈሩ ዐሥራ ዘጠኝ ቀናት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ በሚገባበት ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ የደም ግፊትዎ የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎን እንዲህ አጥብቄ የምመኝልዎ ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም። ከፊታችን ቅዳሜ በኋላ በዚህ ሆስፒታል የሚታከም ሰው ከገዛ ጤናው በቀር የሚተማመንበት ነገር ይኖረዋል ብዬ ስለማላስብ ነው።

እኔ በምድር ቤቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥላ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ የሆስፒታሉን ሰርቨር የምጠብቀው የሲስተም ባለሙያ ነኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ስላነጋገሩኝ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ሊፍት ውስጥ አግኝተውኝ የቢሮዎ አምፖል እንደተቃጠለ ነግረውኝ ነበር፤ ሥራዬ ባይሆንም ቀይሬዋለሁ።

የምጠብቀው ማሽን በሆስፒታሉ የተኛና የተመላለሰ ሰው ሁሉ ፋይል ያለበት ነው። ማን ምን ዓይነት ደም እንዳለው፣ ማን የትኛውን መድኃኒት ስንት ሰዓት ላይ እንደወሰደ፣ ማን የቱን መድኃኒት ቢወስድ እንደሚሞት የሚያውቀው እሱ ነው። በእርስዎ ብርቱ አመራር ወረቀት ከዎርዶች ከተሰናበተ ወዲህ ደግሞ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም። የማሽኑ ሥርዓተ ክወና እምብርት ከርነል ይባላል። ፕሮግራሞች ዲስኩንም ሆነ ኔትወርኩን በቀጥታ አይነኩም፤ ከርነሉን ይለምናሉ፣ እሱ ያደርስላቸዋል። ስለዚህ ከርነሉ የታመመ ዕለት ዲስኩ ደኅና ሆኖ ሳለ አይጻፍበትም፣ ገመዱም ደኅና ሆኖ ሳለ ምንም አያልፍበትም። የእኛው ታሟል። እንዴት እንደታመመ፣ የእርስዎን አስተዋጽኦ ሳላጎድል፣ በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ስለ ሺህ ቀናት ክብር። ከሁለት ወር በፊት፣ ከርነሉ ሥራ ሲበዛበት ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል ተቆልፎ የሚቀርበት ጉድለት እንዳለውና ማስተካከያውም እንደወጣ በአክብሮት አሳውቄ ነበር። ማስተካከያው የሚፈልገው ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት፣ ማለትም ሰባት ደቂቃ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ማሽናችን ሳይጠፋ ሺህ ቀን ሊሞላው መቃረቡን፣ ለዚህም የምስክር ወረቀት እንደሚሰጠን አስታውሰው፣ ሺህኛው ቀን ሳይሞላ ማንም ሰው የማሽኑን ማጥፊያ እንዳይነካ አዘዙ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶች ምክር ስጠቅስ፣ እርስዎ የሰጡኝ ምላሽ ፈገግታ ነበር። ሺህኛው ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ባነሩ ዋናው መግቢያ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ በጣም ያምራል።

፪ኛ. ስለ ፈጣን አገልግሎት። ቀድሞ ሐኪሙ «መዝግብ» የሚለውን ሲጫን፣ ፕሮግራሙ ዲስኩ «ጽፌያለሁ» እስኪለው ይጠብቅ ነበር። ዲስኩ መዘግየት ሲጀምር ካርድ ክፍል ሰልፉ ረዘመ፣ እርስዎም ስብሰባ ጠሩ፣ ፕሮግራሙም የዲስኩን መልስ ሳይጠብቅ ወዲያው «ተመዝግቧል» እንዲል ተወሰነ። መዘግየቱ የሕመሙ ምልክት ነው ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለሙያውም ተስማምቷል» ተብሎ ሰፍሯል። ሐሰት ነው አልልም፤ ትእዛዙን በገዛ ጣቶቼ ያስገባሁት እኔ ነኝና። ሰልፉ አጠረ፣ ሁላችንም ተመሰገንን።

፫ኛ. ስለ ቀይ መስመሮች። ከርነል ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም ውሸታም አይደለም። አንድ ሥራ ከመቶ ሃያ ሰከንድ በላይ ተቆልፎ ሲቀርበት ይናገራል፣ ይጽፋል፣ ሰሚ እስኪያገኝም ይደጋግማል። እነዚህ መልእክቶች በመቆጣጠሪያው ክፍል ትልቅ ስክሪን ላይ በቀይ ይወጡ ነበር። እንግዶች በመጡ ዕለት እርስዎ ቀዩን ሲያዩ ፊትዎ ተለዋወጠና፣ «ከነገ ጀምሮ ቀይ ነገር እንዳላይ» አሉ። አላዩም። መልእክቶቹን የደበቅኳቸው እኔ ነኝ፣ ለዚህም ራሴን ይቅር አላልኩም። ከዐሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ወደ ዲስኩ የሚጽፈው የከርነሉ ክፍል ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሲቆለፍ የሚያይ ዓይን አልነበረም። እኔ ያወቅሁት ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ፣ በቀጥታ ከዲስኩ ላይ የምወስደው መጠባበቂያ ቅጂ ከዓርብ ወዲህ ምንም እንዳልጨመረ አስተውዬ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን አቋርጬ አንድ ነገር በግልጽ ልበል፤ ክቡርነትዎ ሌላውን ቢዘሉት እንኳ ይህችን ያንብቡልኝ። በእነዚህ ዐሥራ ዘጠኝ ቀናት በሆስፒታሉ የተጻፈ ነገር ሁሉ ያለው በማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ነው። ሜሞሪ ደግሞ የሚያስታውሰው መብራት እስካለ ድረስ ነው። ዛሬ ማንኛዋም ነርስ ስክሪኗን ብትከፍት የትናንቱን ውጤት ታያለች፣ ምንም የጎደለ አይመስላትም። መብራት የጠፋ ዕለት ግን ሁሉም ይሄዳል። ማሽኑን በወጉ ልዝጋው ብል እንኳ ከመዘጋቱ በፊት ዲስኩን ይጠብቃል፣ ዲስኩም መቼም አይመልስለትም። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ሲነሣ አይጮኽም፣ ስሕተት አያሳይም፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዐሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት የነበረውንም ዛሬ ነው ብሎ ለነርሶቹ ያቀርብላቸዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ማሽኑ አለመነሣቱ ሳይሆን ደኅና መስሎ መነሣቱ ነው።

፬ኛ. ስለ ኔትወርኩና ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ። መረጃውን የማዳኛው ብቸኛ መንገድ በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን መቅዳት ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ጉልበት ልቅዳ ብዬ ስጀምር፣ የታመመው ከርነል የዎርዶቹንና የእኔን ሥራ በአንድ ላይ መሸከም አቅቶት ማሽኑን ከኔትወርኩ የሚያገናኘውን ካርድ ጣለው፣ የዎርዶቹም ስክሪኖች ለዐሥራ አንድ ደቂቃ ጨለሙ። መድኃኒት በደቂቃ ልክ ስለምትሰጥ «ሲስተር ሰዓት» የምንላት የቀዶ ሕክምና ዎርድ ኃላፊ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ፣ «አንተ ልጅ፣ ሠላሳ ሰው አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል እንዴ? ምን ላጉርሳቸው?» አለችኝ። የሆነውን ስነግራት ባዶ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ «ለበላይ ተናግረሃል?» ስትል ጠየቀችኝ፣ ተናግሬያለሁ አልኳት። «እንግዲያው ቀስ እያልክ ቅዳ፣ እኔ ምንም አላየሁም» ብላ ወጣች። የእርስዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማግስቱ ደረሰኝ። በዚህ ሆስፒታል ከማሽኑ ይልቅ ፈጥኖ የሚሠራ ክፍል መኖሩን በማየቴ ኮርቻለሁ።

አሁን በጠብታ እቀዳለሁ። በቀን የሁለት መቶ ሰው ያህል ፋይል ሲሆን ከርነሉ ይታገሠኛል፤ ከዚያ ካለፍኩ ካርዱ ይወድቃል። በእነዚህ ቀናት ፋይላቸው የተነካ ሰዎች አንድ ሺህ ስድስት መቶ ናቸው። ስሌቱን ለእርስዎ እተወዋለሁ፣ ብቻ ቅዳሜ ሲደርስ ከስድስት መቶ የማያንስ ሰው ይቀርብኛል። የቀዳሁትም ቢሆን ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ እስኪገባ ሌላ ቀናት ይፈጃል።

፭ኛ. ስለ ቅዳሜ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሰሌዳ ስለሚቀየር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ መብራት እንደሚቋረጥ ማስታወቂያዎ ይገልጻል። ባትሪዎቹ የሚችሉት አርባ ደቂቃ ነው፤ ጄኔሬተሩም በዚያው ሰሌዳ በኩል ስለሚያልፍ አይደርስልንም። ለሰባት ደቂቃ መጥፋት የተከለከለው ማሽን የክብሩ ማግስት ለግማሽ ቀን እንዲጠፋ መፈቀዱን ሳስብ በአስተዳደር ጥበብ ገና ብዙ እንደሚቀረኝ ይገባኛል።

፮ኛ. ስድስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ እህቴ ናት።

እናታችን ካለፈች በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ በቀዶ ሕክምና ዎርድ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ተኝታለች። የሐሞት ጠጠር ነው፤ ከባድ ሕመም አይደለም ብለውናል። ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት የተለመደውን የኢንፌክሽን መከላከያ መርፌ ሲወጓት ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ሲስተር ሰዓት ባትደርስላት ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ ቋንቋ እጽፍልዎ ነበር። ያን ዕለት ሐኪሙ በፋይሏ ላይ ይህ መድኃኒት ዳግመኛ እንዳይሰጣት ብሎ ጻፈ፣ ማሽኑም «ተመዝግቧል» አለው። ያች መስመር ዲስክ ላይ የለችም። ዲስክ ላይ ያለው ስትገባ የተሞላው ቅጽ ነው፤ እሱም «የማይስማማት መድኃኒት፦ የለም» ይላል።

ቀዶ ሕክምናዋ ሰኞ ነው። ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ደግሞ ያው መርፌ ነው። ሰኞ ተረኞቹ ሌሎች ናቸው፣ ሲስተር ሰዓት ዕረፍት ላይ ናት፣ እህቴም ደንዝዛ ትተኛለች። በትልቁ ጽፌ አልጋዋ ላይ ለጥፌ ነበር፤ በአልጋና በግድግዳ ላይ ወረቀት እንዳይታይ በወጣው መመሪያዎ መሠረት የጽዳት ኮሚቴው በሁለት ሰዓት ውስጥ አነሣው። እህቴ ስትስቅ ሆዷን ቢያማትም፣ «ግንባሬ ላይ ጻፍልኝና ልገላገል» አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም። 

ፋይሎቹን በተራ ነው የምቀዳው ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ፤ መጀመሪያ የቀዳሁት የእሷን ነው። ግን ቅጂው ያለው ምድር ቤት ነው፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያነበው ማሽኑን ነው። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከማሽኑ አጠገብ እንዳልነቃነቅ በጽሑፍ ታዝዣለሁ፣ እሷም የምትገባው ሁለት ሰዓት ነው። የት እንደምገኝ ይገምቱታል፤ ማስጠንቀቂያውን ከአሁኑ ሊያዘጋጁ ይችላሉ። እሷስ ምድር ቤት የሚሠራ ወንድም አላት። የቀሩት ስድስት መቶ ሰዎች በሩ ላይ የሚቆምላቸው ማን ነው?

የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የቅዳሜው መብራት ማቋረጥ በሁለት ሳምንት ይራዘም፤ እስከዚያም በየአልጋው አንድ ወረቀት እንዲሰቀል ይፈቀድ። ዓርብን አልነካሁም፤ ባነሩም፣ የምስክር ወረቀቱም፣ ንግግርዎም በቦታቸው ይሁኑ። ይህም ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ፣ ስላስተማሩኝ ትዕግሥት፣ ስለ ፈጣኑ አገልግሎት፣ ቀይ ስለማይታይበት ስክሪን፣ እንዲሁም ሳይጠፉ ስላለፉት ሺህ ቀናት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የአመራርዎ ዘመን የተባረከ፣ የሚታከሙበትም ቦታ ከዚህ የራቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወለሉ ሥር ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
የምድር ቤቱ የሲስተም ባለሙያ

ተጨማሪ፦ ክቡር ሆይ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ባለፉት ስምንት ቀናት በሆስፒታሉ የደብዳቤ መላኪያ ሥርዓት ሦስት ማስታወሻ ልኬልዎ፣ ሦስቱም «ደርሷል» የሚል መልስ አግኝተዋል። ሦስቱም ያሉት በዚያው ማሽን ሜሞሪ ውስጥ ነው። ቅዳሜ መብራቱ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠይቅዎ «የነገረኝ የለም» ብለው በሙሉ ልብ መማል ይችላሉ፣ ማሽኑም አረንጓዴ አብርቶ ይመሰክርልዎታል። በዚህ ምክንያት ይህንን አራተኛውን አትሜ በዋናው በር፣ በካርድ ክፍሉና በቀዶ ሕክምና ዎርድ መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሲስተር ሰዓትም ተቀብላ ፈርማበታለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱም ይኸው።