ከአልጋቸው ላይ ያስተማሩት ትምህርት
የዶክተር ውብዳር ማንደፍሮ የሕይወት ታሪክ (1940–2017 ዓ.ም.)

ዶክተር ውብዳር ማንደፍሮ ከቴሌግራፍ ሠራተኛው ከአቶ ማንደፍሮ አያሌውና ከወይዘሮ አልጣሽ ይመር ጥር 13 ቀን 1940 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው ደሴ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአዲስ አበባ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተምረው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1961 ዓ.ም. ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ማድሪድ ሄዱ። የስፔን ሥነ ጽሑፍ ወርቃማ ዘመን ስለሚባለው ጊዜ አጥንተውም የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ሐሳባቸው አገር ቤት ገብተው ማስተማር ነበር።

አልሆነም። በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ክብሮም በቀይ ሽብር ከቤት ተወስዶ በዚያው ቀረ። በማድሪድ የነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወደ አገር እንዲመለሱ ጠራቸው፤ እምቢ ሲሉ ፓስፖርታቸው ሳይታደስ ቀረ። አገር አይገቡ፣ ሌላ አገር አይሄዱ፣ ያለ ፈቃድ ሥራ አይሠሩ፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ እያነበቡ ሦስት ዓመት አለፈ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማውራት አይወዱም ነበር። የተዘጋ በር ግን እስከ መጨረሻው አልወደዱም፤ ቤታቸው እንግዳ ሲያድር እንኳ የመኝታ በር ገርበብ ብሎ ነበር የሚያድረው።

በ1973 ዓ.ም. በስደተኝነት አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ገቡ። መጀመሪያ በአቅራቢያው ባለችው ሚልፒታስ ከተማ በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠሩ። በ1975 ዓ.ም. ከአቶ እምሩ ወልደአረጋይ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሄለናንና ኢዛናን ወለዱ። በኋላም በኦክላንድ በአንድ ኮሌጅ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ የስፔን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ አስተማሩ። ከመካከለኛው ዘመን የጀግኖች መዝሙር ይነሣሉ። በህዳሴና በባሮክ፣ በአብርሆት ዘመን፣ በሮማንቲሲዝምና በሪያሊዝም ያልፋሉ። ስፔን የመጨረሻ ቅኝ ግዛቶቿን ባጣች ማግስት የተነሣውን ትውልድ ተርከው፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ የበተናቸው ገጣሚያን ጋ ይደርሳሉ። ይህን ሁሉ የሚያስተምሩት ወረቀት ሳይዙ ነበር። ለልጆቻቸውም ስፓኒሽ ሊያስተምሩ ደክመው ነበር፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ እየመለሱ አመለጧቸው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸው። የሚነገራቸውን ሁሉ ይሰሙ ነበር፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ግን ከአንደበታቸው ጠፋ፤ የቀረላቸው ስፓኒሹ ብቻ ነበር። ሳን ሆዜ ወደሚገኝ የሕሙማን መጦሪያ ተወሰዱ። ስፓኒሽ የሚናገሩት አስታማሚዎች፣ እኚህ እናት ስለ ነገሥታት፣ ስለ ፈረሰኞችና ስለ መነኮሳት ያወራሉ፤ ስለ ሕመማቸው ቢጠየቁም መልሳቸው ያው ነው ብለው ተናገሩ። ዲሜንሺያ፣ የመርሳት በሽታ ነው ተባለ። የአልጋቸው ብረት ከፍ ተደረገ፤ በሩም ተዘጋ። አቶ እምሩ በየቀኑ ከኦክላንድ በባርት ባቡር እየተመላለሱ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር፤ ባለቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ውሃ ያቀርባሉ። እሳቸውም ውሃውን ገፍተው ይቀጥላሉ፤ እንባቸው ይወርዳል፤ ቃሉ ግን ያው ነው።

የአሜሪካውን ክረምት እንዲህ ከቆዩ በኋላ ሄለና የእናቷን ድምፅ በስልኳ ቀድታ አብኔር ለሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው ላከችለት። አብኔር ሁለት ቀን አዳምጦ ደወለላት።

"ይሄ እኮ ክላሳችን ነው" አላት። "ትናንት የላክሽልኝ ህዳሴ ነበር፣ የዛሬው ባሮክ ነው። በተራው እየሄዱ ነው።"

ሄለና ለአባቷ የነገረቻቸው በራሷ አነጋገር ነው፦ "አባ፣ ውሃ አይደለም የምትፈልገው። ሺ ኢዝ ቲቺንግ።"

ቤተሰቡ አጥብቆ ስለጠየቀ በስፓኒሽ የምትመረምር የንግግር ባለሙያ መጣች። ፋታ እየሰጠች፣ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን በትክክል መለሱ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ማን እንደሆኑ ስትጠይቃቸው ብዙ ከታገሉ በኋላ፣ "ባለቤቴ ነው። ጫማዬን እንዲያመጣልኝ ንገሪልኝ" አሉ። በዚያው ሳምንት ኦክላንድ ቤታቸው ገቡ።

እያደርም ስፓኒሹ ተፍታታላቸው። ሄለና በአብኔር አስተርጓሚነት፣ ለምን ያንን ብቻ ይናገሩ እንደነበር ጠየቀቻቸው። "ልጮህ ስል የሚወጣው እሱ ነበር" አሉ። "ሌላው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አንድ የሚያውቀኝ ሰው ይሰማኛል ብዬ ቀጠልኩ።"

አማርኛው አልተመለሰም። ስለዚህ አቶ እምሩ በሰማንያ ዓመታቸው አላሜዳ በሚገኝ የአረጋውያን ማዕከል ስፓኒሽ መማር ጀመሩ። ማታ ማታ ባለቤታቸው ያስተምራሉ፣ እሳቸው ይደግማሉ፤ ሲሳሳቱ እንደ ማንኛውም ተማሪ ይቆጧቸዋል።

ባለፈው የካቲት ሁለተኛው ስትሮክ ስፓኒሹንም ወሰደው። ያኔ አቶ እምሩ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ትምህርቱን በተሰባበረ ስፓኒሽ እሳቸው ይተርኩላቸው ጀመር። አንድ ቀን ከአብርሆት ዘመን በቀጥታ ወደ ሪያሊዝም ሲዘሉ ዶክተር ውብዳር እጃቸውን ጨበጥ አድርገው አስቆሟቸው። አቶ እምሩም ይቅርታ ጠይቀው ወደ ሮማንቲሲዝም ተመለሱ።

ዶክተር ውብዳር ማንደፍሮ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ77 ዓመታቸው በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ እምሩ፣ ልጆቻቸው ሄለናና ኢዛና፣ የልጅ ልጃቸው ዮሚፍ እንዲሁም በየአገሩ ያሉ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ይሰናበቷቸዋል።

በየትኛውም ቋንቋ ቢጠሩት የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በሩ በማይዘጋበት ቤቱ ይቀበልልን፤ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።