የጎደሉት መቶ ስምንት አንሶላዎች

ለታናሽ እህቴ ይድረስ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የባልሽ ሳልስ ለቀቀው? ልጆችሽ ይታዘዙሻል ወይስ እንደ ዘመኑ ናቸው? እኔ አለሁ፤ ወገቤ ብቻ አላስቀምጥ አላስነሳ ብሎኛል። ጠያቂ ስለሌለኝ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።

በዚህ ወር ሌባ ተብዬ ነበር። እንደምታውቂው የሆስፒታሉን አንሶላ ተረክቤ ለየክፍሉ የማድለው እኔ ነኝ፤ የገባውንም የወጣውንም ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ። በቀደም አዲስ ፕሮግራም ተተከለና መቶ ስምንት አንሶላ ይጎድላል አለ። አለቃዬ በሰው ፊት፣ እማማ፣ አንሶላው እግር አወጣ እንዴ አለኝ። እስከ ዓርብ ካልተገኘ እንደምሰናበትም ነገረኝ። ሃያ ዓመት ላጠብኩበት ምስጋናው ይህ ነው።

ከዚያ ፕሮግራሙን የሠራችው ልጅ መጣች። ከአፏ ቃል ስለማይወጣ ጭምቷ እንላታለን። አለቃዬ ቁጥሩን አስተካክይውና እንገላገል ቢላት፣ የተመዘገበ አይፋቅም፣ መዝገቡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ለፕሮግራሙ በተራ መልሼ አስነብበዋለሁ አለችው። ሁለት ቀን አጠገቤ ተቀምጣ፣ እማማ፣ ድሮ እንዴት ነበር የሚመዘግቡት እያለች ጠየቀችኝ። እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ኮምፒውተሩ በገባ ሰሞን ያወጣነውን የምንጽፈው በእስር ነበር፤ አንዱ እስር አሥር አንሶላ ነው። በኋላ ቅጹ ተቀየረና በነጠላ ሆነ። አዲሱ ፕሮግራም ያን ሰሞን ያወጣሁትን አሥራ ሁለት እስር፣ አሥራ ሁለት አንሶላ ብሎ አንብቦታል። መቶ ሃያ ወጥቶ አሥራ ሁለት ብቻ ስለቆጠረ፣ የቀረው መቶ ስምንት እኔ ጋ መኖር አለበት ብሎ ነው።

ጭምቷ ከጻፍኩት አንዲት ቁጥር አልነካችም። የቱ በአሮጌው ቅጽ እንደተጻፈ ለየችና፣ ፕሮግራሙ እሱን ሲያነብ በአሥር እንዲያባዛ አደረገችው። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያነብ ቆመን አየን። መጨረሻ ላይ ጉድለት የሚለው ቦታ ዜሮ ሆነ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አለቃዬ ይቅርታ አላለኝም፣ ከሱም አልጠበቅሁም። የሷን እጅ ግን ሳምኩት።

እኔ አድጌ ፊደል እንደቆጠርኩ የጻፍኩልሽን ክፉ ደብዳቤ፣ የትምህርት ድርሻዬን በላሽ ያልኩበትን፣ ልቅደደው ወይ ብለሽኝ ነበር። አትቅደጂው፣ ጽፌዋለሁ። ስጽፈው ግን አክስታችን ኋላ የነገረችኝን አላውቅም ነበር፤ እህቴ ካልገባች እኔም ትምህርት ቤት አልሄድም ብለሽ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሽም አሉ። ይህንን ደብዳቤ ከዚያኛው ጋር ስፊውና ከመጀመሪያው ጀምረሽ አብረሽ አንብቢው። አንቺን ብቻ ባስተማረው በአባታችን ላይ ያለኝ ቂም ግን ባለበት ነው።

ባልሽን ታከም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽንና መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽንም፣ ባይወዱኝም፣ ሰላም በያቸው።

ታላቅ እህትሽ
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ኅዳር 12 ቀን