ከሲሊኮኑ ሥር ስለቀረው ላስቲክ እና ስለ አማቴ

ለሕንፃ ግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ መጋቢት 11

ጉዳዩ፦ «አልፏል» የተባለው የመስታወት ግድግዳ እንደገና እንዲፈተሽ፣ ከሥሩ ያሉት ሱቆችም እስከዚያው እንዳይከፈቱ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በአደባባዩ ማዕዘን ላይ በተሠራው ባለመስታወት ሕንፃ የአማካሪው ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሕንፃው ከሩቅ ያምራል። ክቡርነትዎም በመኪና ሲያልፉ ሳያደንቁት አልቀሩም፤ በእግር ግን እባክዎ በዚያ በኩል አይለፉ።

2. የመስታወት ገጣሚዎቹ አለቃ በቅጽል ስሙ «ጥንቁቁ» ይባላል። ስሙን ያገኘው በሥራው አይደለም። ስልኩ፣ የመኪናው ወንበር፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሳይቀር ከፋብሪካ እንደወጡ በላስቲካቸው ናቸው። የአሉሚኒየሙ ፍሬም ሲመጣም እንዳይጫር የተለጠፈበትን ስስ ላስቲክ «እስኪመረቅ ማንም እንዳይነካው!» ብሎ አዘዘ። ደንቡ ግን መስታወቱን ከፍሬሙ ጋር የሚያጣብቀው ሲሊኮን የሚያርፍበት ቦታ ላስቲኩ ተልጦ፣ አሉሚኒየሙ ተወልውሎ፣ ከዚያ መስታወቱ እንዲጣበቅ ነው። የእነሱ ሲሊኮን የያዘው አሉሚኒየሙን ሳይሆን ላስቲኩን ነው። በኋላ ከውጭ የሚታየውን ጠርዝ በምላጭ ቆርጠው አነሡትና ሁሉም ነገር ጸዳ። ውስጡን ማን ያያል?

3. እኔ አየሁት። ከአንደኛ ፎቅ መስታወቶች የአንዱን ሲሊኮን ጫፉን ቆርጬ ብስበው እንደ ጫማ ማሰሪያ ተመዝዞ እጄ ላይ ቀረ፤ ላስቲኩም ከጀርባው ተለጥፎ መጣ። ርክክቡን አልፈርምም አልኩ። ጥንቁቁም «አንተ ሰውዬ፣ ምቀኛ ነህ እንዴ? እንዲህ የሚያብረቀርቅ ሥራ የት አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

4. ከጽሕፈት ቤትዎ የተላኩት ባለሙያ መጥተዋል፤ አልመጡም አልልም። እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው፣ ጥቁር መነጽራቸውን ሳያወልቁ ወደ ላይ አንጋጠጡ። በጎማ ውሃ አስረጩበት፤ ጠብታ አልገባም። «አልፏል» ብለው ሄዱ። ላስቲክ ውሃ እንደማያስገባ ለማወቅ ባለሙያ መላክ አያስፈልግም ነበር። የእኔ ስጋት የውሃው መግባት ሳይሆን የመስታወቱ መውረድ ነው።

5. ወደ ቤቴ ጣጣ ልግባና፣ ከዚያው ሕንፃ ምድር ቤት አማቴ ስፌት ቤት ተከራይተዋል። በመርፌ ክር ለማስገባት የፀሐይ ብርሃን ስለሚፈልጉ ማሽናቸውን ሊያስቀምጡ ያሰቡት ከበሩ ውጭ ነው፤ ልክ ሲሊኮኑን ከመዘዝኩበት መስታወት ሥር። ሱቁ ሰኞ ይከፈታል። «እባክዎ እዚያ አይቀመጡ» ብላቸው «ልጄን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ሥራዬን ልትወስድ ነው?» አሉኝ። የላስቲኩን ነገር ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። የሳሎናቸው ሶፋ ግን ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀለትም፤ በተቀመጥኩ ቁጥር ይጮህብኛል። ስለዚህ የጥንቁቁ ጥፋት ምኑ ላይ እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም። ባለቤቴም «ድሮም እናቴን አትወዳትም» ብላ አኩርፋኛለች። እኔና አማቴ እንደማንስማማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያ መስታወት አንድ ቀን ቢወርድ ጥንቁቁን ማንም አይጠረጥረውም፤ ጣት የሚቀሰረው እኔ ላይ ነው።

6. ስለሆነም ባለሙያዎ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መሰላል ወጥተው ሲሊኮኑን በገዛ እጃቸው ስበው እንዲያዩ፤ ላስቲክ የቀረበት መስታወት ሁሉ ወርዶ በደንቡ መሠረት እንዲገጠም፤ እስከዚያው ከሰኞ በፊት እግረኛ መንገዱ እንዲታጠርና ሱቆቹ እንዲታሸጉ እጠይቃለሁ። የአማቴ ሱቅ በሚታሸግበት ሰዓት እኔ በአካባቢው እንዳልገኝ ቀድሞ ቢነገረኝ ደግሞ ውለታዎን አልረሳም።

7. አማቴ የሸሚዜን እጅጌ «ረዘመ» ብለው ሳያስፈቅዱኝ ያሳጥራሉ፤ ሁለቱ እጅጌዎች እኩል የሆኑበት ቀን የለም። ቢሆንም ለብሼው ሥራ እገባለሁ። እኒህ ሴትዮ ከማሽናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ከላይ ያ መስታወት ሲወርድ እየታየኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እወዳቸዋለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። ውሳኔዎ ለተከራዮች በግልባጭ ሲደርስ ግን ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ተቆርጦ እንዲቀር በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

አንገቴን ወደ ላይ እንዳቀናሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሕንፃው የጥራት ተቆጣጣሪ፣
የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ አማች